ትንሽ የቀራት ጀልባ

በየሰፈሩ አንድ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ሰው አለ። በእናንተ ሰፈር ከሌለ ሰውየው እናንተ ናችሁ። አንዱ አጥር ይሠራል፣ አንዱ መኪና ይፈታል። የእኛው ጀልባ ያድሳሉ።

ክቡር አድሚራል እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ ሊፍት ጠጋኝ ነበሩ፤ ዋና አይችሉም። «አንቱ» ማለት የጀመርነውም ጀልባዋ ከመጣች ወዲህ ነው፤ አድሚራል «አንተ» አይባልም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ መጋዘን ጀርባ ዶሮ የሚያድርባት አሮጌ የእንጨት ሞተር ጀልባ አገኙ። በደጉ ዘመን ሀብታሞች ለሽርሽር ይወጡባት ነበር ይላሉ። እኛ የምናውቀው ዶሮዎቹን ብቻ ነው። አምጥተው ከወጥ ቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ አራት በርሜል ላይ አስቀመጧት። «ለሁለት ወር ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

እኔ ከላያቸው ነው የምኖረው። ሥራቸውን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ጠዋት ብርጭቆ ወረቀት ክሽ ክሽ፣ ከሰዓትም ክሽ ክሽ። አንዷን ጣውላ ፍቀው ቫርኒሽ ይቀባሉ። ሲደርቅ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በጣታቸው ዳበስ ያደርጓታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እንደገና ይፍቃሉ። አንድ የናስ ብሎን «ከፋብሪካ የወጣው ዓይነት ካልሆነ አላስርም» ብለው ሲፈልጉ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባቸው። ባገኙት ቀን ቤት ለቤት ዞረው አሳዩን። በማግሥቱ ጠፋባቸው።

«አድሚራል፣ ጀልባዋ እንዴት ነች?»

«ትንሽ ነው የቀራት።»

ልጃቸው የተዳረች ቀን ሙሽሮቹ በጀልባዋ ጎን እየተሽሎከለኩ ነው የገቡት። የሙሽራው አጎት፣ «ይቺ የሙሽሮቹ ስጦታ ናት?» ሲል ጠየቀ። «ውሰዷት» አለች ባለቤታቸው። ከሷ በቀር ሁሉም ሳቀ።

ባለፈው ወር ግን ቆረጠች። «እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ውሃ ትገባለች፣ ወይ ማገዶ ትሆናለች!» ወንድሟ አናጢ ነው። መጋዝ አለው፤ የእህቱን ባልም አይወድም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አድሚራሉ።

«የአንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ሸበተ!»

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጀልባዋ በጭነት መኪና ሐይቁ ዳር ደረሰች። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። አድሚራሉ ሞተሩን ቤት ትተውት ስለመጡ ሰዉ «ረሱት» ብሎ ገና ከመንገድ መሳቅ ጀምሯል። አናጢው መጋዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጥቷል።

ጀልባዋ ውሃው ላይ ስትቀመጥ፣ ሐቁን ልናገር፣ ታምር ነበር። ለአራት ደቂቃ ያህል። ከዚያ በየጣውላው መጋጠሚያ ውሃ ይመነጭ ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እስከ አንገቷ ሰጠመች፤ ከውሃው በላይ የቀረው መሪዋና የፊት መስታወቷ ብቻ ነበር።

የሰዉ ሳቅ አይነገርም። አድሚራሉ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ገመዷን ዛፍ ላይ አሰሩና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ጠምቷት ነው» አሉ።

«ምን?» አለች ባለቤታቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት ደረቅ ላይ ቆማ እንጨቷ ተኮማትሯል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይገጥማል። ሦስት ቀን ስጧት።»

አናጢው ጋዜጣውን ይፈታ ጀመር። እህቱ ወደ እሱ ዞረች። «ቆይ፤ አንተ እንጨት ታውቃለህ። ይሄ ሰውዬ እየዋሸ ነው?»

አናጢው ጫማውን አየ፣ ሐይቁን አየ። «እንጨትማ ያብጣል» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

«እንግዲያው እስከ ማክሰኞ» አለች።

ማክሰኞ ለወሬ ብዬ ሄድኩ። ባልዲው እንዴት እጄ እንደገባ አላውቅም። ጀልባዋን በገመዷ ወደ ዳር ጎትተን ውሃውን ቀድተን ከጨረስን በኋላ ወለሉ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሞተሩ አብሮ እንዳይሰጥም ቤት እንደቀረ ያኔ ገባን። አሁን አምጥተው ከኋላዋ አሰሩትና ማስነሻ ገመዱን ሰባት ጊዜ ሳቡት። በስምንተኛው ተነሳ። ባለቤታቸው ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ከፊት ተቀመጠች፤ ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞሩ። ነፋሱ የበታተነውን ጸጉሯን እስከ ቤት ድረስ አልነካችውም።

ጀልባዋ ከውሃ ከወጣች ተመልሳ ትደርቃለች፤ ስለዚህ እዚያው ቀረች። ወጥ ቤቱ ብርሃን ገባው። ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ባለፈው ሐሙስ ግን ባለቤታቸው በሬን አንኳኳች።

«ወንድሜ፣ የተሰበረ ነገር የለህም?»

«እንደ ምን ያለ?»

«ምንም ይሁን፣ ብቻ እንጨት ይሁን። ሰውዬው ወጥ ቤቴ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ትናንት በሩን በጥፍሩ ሲፍቅ ዋለ፤ ዛሬ መፍቻ ይዞ ተነሳ። በሩን ከነቀለው እኮ አሥራ አንድ ዓመት በር የለኝም!»

ቤቴን ዞሬ አየሁ። የተሰበረ ነገር የለም። ያለኝ አንድ ደህና ወንበር ነው፤ ተቀምጬ የምጽፍበት። ግቢው ጸጥ ካለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ደግሞ አንድ ገጽ አልጻፍኩም።

«አንዴ ጠብቂኝ፣ እትዬ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። የወንበሩን እግር ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። በሦስተኛው ተሰበረ፤ ጥሩ ወንበር ነበር።

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ከታች ብርጭቆ ወረቀቱ ክሽ ክሽ ይላል። ወንበሩ መቼ እንደሚያልቅ አልጠየቅኳቸውም። ስጋቴ አንድ ብቻ ነው፤ ድንገት ቢጨርሱትስ?