ጫማውን ያላወለቀው ጀግና

«ድሮ የነበረው ይሻላል» የሚል ደንበኛ የሌለው ሱቅ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ ውስጥ ያገለገሉ የቪዲዮ ጌሞች የምትሸጠው የሳዋኮ ድርሻ ክቡር አቶ ኩራሞቺ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የ«ኩሬው ቤት» ያልተሾሙ ጠበቃ።

«የኩሬው ቤት» የሚያስፈራ ጌም ነው። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ጃፓኖች ሠሩ፤ የመጨረሻውን አሜሪካውያን። ለአቶ ኩራሞቺ የዓለም ታሪክ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

«በጫማው ገባ!» ይላሉ ስለ አዲሱ ጀግና፣ ሰሚ ኖረም አልኖረ። «ሰው ቤት! ከነጭቃው!»

«ቤቱ እኮ የመንፈስ ነው፣ አቶ ኩራሞቺ።»

«ቢሆንስ? መንፈስ ወለል የላትም?»

የድሮው ጀግና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። እንደ ጃፓን ወግ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ሲወጣ እንዲመቸው የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጣል። መሣሪያው ጃንጥላ ነው። መንፈሷ ስትመጣ በካልሲ እየተንሸራተተ ይሮጣል። አዲሱ ጀግና ወታደር ነው፤ መትረየስ ይዟል። ድሮ ትንፍሽ የማትለው መንፈስም አሁን ለምን እንደሞተች ታስረዳለች።

«ስብሰባ ጠራችው እንዴ?» ይላሉ አቶ ኩራሞቺ። «ፍርሃት ማለት በካልሲ መሮጥ ነው! ቡትስ ያደረገ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

አዲሱ ጌም ሲወጣ አስጠነቀቁ፤ «መደርደሪያሽ ላይ ካየሁት ደጃፍሽን አልረግጥም።» ሳዋኮ ደረደረችው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ መንገድ ላይ ቆመው መጮኽ ጀመሩ። ከዚያ ጭራሽ ቀሩ።

ሱቁ ጸጥ አለ። ሳዋኮ ይህን ጸጥታ ለዓመታት ስትመኘው ነበር። ሲመጣ ግን አስጠላት። ስልክ ደወለች።

«ሱቅ የሚመጡት ልጆች ‹አዲሱን ያልሞከሩት ፈርተው ነው› እያሉ ነው።»

«ማን? እኔ?»

ቤታቸው የጀመሩት ሻይ ሳይበርድ ደረሱ። ከሱቁ ጀርባ ካለችው የሣር ምንጣፍ ክፍል በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙረው፣ መጫወቻውን ጨበጡ።

ወታደሩ በጫማው ገባ። አቶ ኩራሞቺ አቃሰቱ። ወታደሩ ኮሪደሩን በጭቃ እያበላሸ ሄደ።

«ተመልከቺ! ማን ሊያጸዳው ነው?»

ወታደሩን ወደ ኋላ አዞሩት። ከቡትሱ ዱካ ጎን ለጎን ሌላ ዱካ ነበር፤ ባዶ እግር፣ እርጥብ፣ የሴት። የመጨረሻው ከወታደሩ እግር አጠገብ ነው።

መንፈሷ ምንም አላስረዳችም።

አቶ ኩራሞቺ መጫወቻውን ወርውረው ተነሡ፤ ሱቁን አቋርጠው ወጡ፤ በገበያው መሐል ሸመጠጡ።

«ምን ሆኑ?» አለ ዓሣ ሻጩ ከማዶ፣ አፉን ከፍቶ። «በካልሲ እኮ ናቸው!»

ሳዋኮ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ያረጁት ጥቁር ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውጭ እንዳዞሩ፣ ለመሄድ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል።

ጎንበስ ብላ፣ ሲመለሱ እንዲመቻቸው፣ ወደ ውስጥ አዞረቻቸው።