ራሷን የማትቆጥር ጋባዥ

ሰው ጋብዛ ራሷን መቁጠር የምትረሳ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየማለዳው በመስታወት አያታለሁ።

ልጄ ሶስና በነርስነት ስትመረቅ፣ እናትና ልጅ ባሕር ላይ ሆነን ፈጣሪን እናመስግን ብዬ ኦክላንድ ላይ ጀልባ ልከራይ ተነሣሁ። ለካ የጀልባ ኤግዚቢሽን ሳምንት ኖሯል፤ ትልልቁ ሁሉ ተይዟል። ዐሥር ሰው የምትይዝ አንዲት ተገኘች። ባዶ ወንበር ይዞ መሄድስ ነውር አይደል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶች ጠራሁ። ዐሥር ወንበር፣ ዐሥር ሰው፤ ስሌቴ ልክ ነበር።

«እማዬ፣ ሁለታችን አንበቃም? ኖኅ እንኳ ቤተሰቡን ብቻ ነው ያሳፈረው» አለች ሶስና።

«ጎረቤቶቹ ምን እንደሆኑ ረሳሽው?» አልኳት።

በቀጠሮው ቀን እንግዶቼን አሳፍሬ፣ ድፎ ዳቦዬን ታቅፌ ከሶስና ጋር ልገባ ስል ካፒቴኑ እጁን ዘርግቶ አገደን። «ዐሥር ሰው ሞልቷል» አለ።

«እትዬ፣ እኛ እንውረድ!» አሉ ከሳን ሆዜ የመጡት ባልና ሚስት።

«በማርያም! እንግዳ ይወርዳል እንዴ?»

ጀልባዋ ሄደች።

«ማም፣ የተከራየነው እኮ እኛ ነን!» ብላ ሶስና በሳቅ ፈረሰች።

የኤግዚቢሽኑ ሰው በኋላችን ሲተራመስ፣ ወደቡ ዳር ተቀምጠን ዳቦውን ቆረስን። እናትና ልጅ ባሕሩን እያየን ፈጣሪን አመሰገንን።