የዓሣዋ አራስ ቤት

ሐበሻ የሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንዲት ሴት አለችው። ከተማው ኤምባሲ ላይኖረው ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም የኪራይ ቤት ውስጥ ይሆን ይሆናል፤ እሷ ግን አትጠፋም። ማን ፀነሰች፣ የማን ወሯ ገባ፣ የማን ጡት ደረቀ የሚለውን ከባልየው ቀድማ የምታውቅ፣ አንዲት ሴት በተገላገለች ማግስት ገንፎዋን ይዛ በሩ ላይ የምትገኝ ሴት። ናይሮቢ ላይ ይህን ሥልጣን ማንም ሳይሾማቸው የያዙት፣ የአራሶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የተከበሩ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው።

ወይዘሮ አስናቀች ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ምግብ ቤቱ ግን ለስሙ ነው፤ ዋናው ሥራቸው አራስ ማረስ ነው። «ስንቷን አርሻለሁ መሰለሽ» ይላሉ እንጂ ቁጥሩን አይጠሩም፤ ቁጥር ከተጠራ ዓይን ይገባበታል። አንድ ቀን ገንፎውን በድስት፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ ሲወጡ፣ ረዳቱ ድስቱ ወንበር ይልቀቅ ቢላቸው፣ ድስቱን ለራሱ ለረዳቱ አሳቅፈውት ከተማ ድረስ ሄደዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል ለተኙ ሦስት ወላዶች «እናቷ ነኝ» ብለው ገብተዋል። ሦስተኛዋ ኬንያዊት ነበረች። ነርሷ ግራ ገብቷት ብታፈጥባቸው፣ ልጅ የሚሰጥ እግዜር ነው ብለዋት አለፉ።

የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳም አልቀረላቸውም። ጊጊሪ ባለ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ሐሊና ስትወልድ፣ የምስክር ወረቀት ያላት ሞግዚት ቀጥራ፣ የሕፃኑን እንቅልፍ በስልክ የሚመዘግብ መሣሪያ ገዝታ ነበር የጠበቀችው። ወይዘሮ አስናቀች ዘበኛውን በሰላምታ አደናግረው ከነድስታቸው ገቡ። «መስኮቱን ዝጉት» አሉ፤ ተዘጋ። ባለ ምስክር ወረቀቷ ሞግዚት ገንፎ እንድታማስል ወደ ማድ ቤት ተላከች። ሐሊና ለወዳጆቿ ሁሉ እየደወለች፣ ኧረ አንድ በሉኝ፣ ቤቴን ወረሱት ስትል ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ወይዘሮዋ ቀርተው እኩለ ቀን ሲሆን ግን ሾፌሯን፣ ምሳህን ካሳራኒ እሳቸው ዘንድ ብላ ስትል ላከችው፤ እግረ መንገዱን የሕፃኑን ቁርጠት ነገር ጣል እንዲያደርግላት። ኑልኝ ብሎ መደወል ክብሯን የሚነካ መስሏት ነው።

ራሄል ስትሸሽ የከረመችው እንግዲህ እኚህን ሴት ነበር።

ራሄል እዚያው ካሳራኒ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ቶማስ የረድኤት ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ቱርካና ከርሞ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። አምና የመጀመሪያ ፅንሷ በአምስተኛው ወር ወርዶባታል። አሁን ደግሞ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ስለዚህ ነገር ግን ከማንም ጋር አታወራም። አንዲት ካልሲ እንኳ አልገዛችም። አባቷ አዲስ አበባ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸው ይታጠባል፤ እናቷ እሳቸውን ጥለው መምጣት አይችሉም። ቢደውሉላትም ገና ነው እማዬ ከማለት አታልፍም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰፊ ሹራብ ለብሳ ከኋላ ትቆማለች። ወይዘሮ አስናቀች ግን ካረማመዷ አወቁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ጠጋ ብለው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለዋት አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሄል ስልካቸውን ማንሳት ተወች።

ቶማስ ብቻዋን መዋሏ ሲያሳስበው፣ ማሞቂያ ያለው የመስታወት ገንዳና አራት ጋፒ ዓሦች ገዝቶላት ወደ ሥራው ተመለሰ። ጋፒ ትንሽ ጣት የማታህል ዓሣ ናት፤ ወንዱ ጅራቱን እንደ ቀሚስ ያንዘረፍፋል፣ ሴቷ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን ነፍስ ዘርተው ትወልዳለች። ሻጩ፣ ምግብ ጣል ማድረግ ብቻ ነው፣ ራሳቸውን ያኖራሉ ብሎ ነበር። ራሄል ደግሞ ንጽሕና ላይ ቀልድ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ውሃውን በሙሉ ደፍታ፣ ገንዳውን በሳሙና ፈግፍጋ፣ ከቧንቧ ሞላችው። በማግስቱ ሁለቱ ሞተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ለዓሣ የማይለቀስ ለቅሶ አለቀሰች። ዓሣ እንኳ ማቆየት አቃተኝ አለች፤ ስለ ዓሣ ብቻ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ከስልኳ ተማረች። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ማደር እንዳለበት፣ በሳምንት ሩቡ ብቻ እንደሚለወጥ፣ ምግብም በቁንጥጫ እንደሆነ አወቀች። የተረፉት አንድ ወንድና አንድ ሴት ነበሩ። የሴቷ ሆድ ገፋ፤ ከሆዷ ኋላ ያለው ጥቁር ነጥብም እየሰፋ ሄደ። አንድ ጠዋት ራሄል ስትነሳ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ነገሮች በገንዳው የውሃ ሳር መካከል ሲሸሹ አየች። እናትየዋ እየተከተለች ልትለቅማቸው ነው። ጋፒ የወለደችውን ትበላለች፤ ስልኩ አስጠንቅቆ ነበር። ራሄል በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ አወጣቻቸውና ከገንዳው ጎን በምትንጠለጠል፣ ውሃ በምታሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አኖረቻቸው። አሥራ ስድስት ነበሩ። በማግስቱም አሥራ ስድስት። ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ስታንጎራጉር ሰማች። እነዚህን ካቆየሁ፣ አለች በልቧ፤ የቀረውን ለመጨረስ አልደፈረችም።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አስናቀች ስልኩ አልነሳ ቢላቸው በእግራቸው መጥተዋል። ራሄል ስለ ራሷ እንዳይጠይቋት ቸኩላ ስለ ዓሣዋ ማውራት ጀመረች፤ ትናንት ወለደች አለቻቸው። ለወይዘሮ አስናቀች ወለደች ከተባለ ወለደች ነው፤ እግር ይኑራት ክንፍ ይኑራት አይጠይቁም። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው ዓሣዋን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ከዚያ መስኮቱን ዘጉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ሳጥኗ ላይ አረፈ።

«ልጆቹ ምነው ከእናታቸው ተለዩ?»

«ትበላቸዋለች፣ እትዬ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ስልክ ላይ አነበብኩ።»

«ስልኩ ወልዶ ያውቃል?»

ራሄልን ሳቅ አመለጣት፤ ያዘናጋትም ይኸው ሳቅ ነው። እግርሽ አብጧል፣ ጋደም በዪ፣ ለሌላው እኔ አለሁ አሏት። ሰው ትራስ ካስተካከለላት ስንት ጊዜዋ ነው። እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትነሳ ሳጥኗ ታጥባ ተደፍታለች። ወይዘሮ አስናቀች ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ሻሻቸው ተንሸራቷል፣ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። ልጆቹን ከእናታቸው ጋር ቀላቅለዋቸው፣ እናትየዋ ስትውጥ በዓይናቸው አይተው፣ በማጥለያው ሲያባርሩ የደረሱላቸው አምስት ብቻ ናቸው። አምስቱን ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ታቅፈዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል። ይህ በናይሮቢ ታይቶ አይታወቅም።

ራሄል ክው አለች። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን ቀጭን ነበር።

«የመጀመሪያውን ማቆየት አልቻልኩም» አለች። «እነዚህን እንኳ ላቆይ ብዬ ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዓሣ አይደል እንዴ፣ መልሳ ትወልዳለች ይል ነበር። እሳቸው እንዲያ አላሉም። የእግዜር ሥራ ነውም አላሉም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ አሥራ ስድስቱንም ጠብቀሽ አሳድረሻል። አንዱም ካንቺ እጅ አልጠፋም። ይኼን ያዢልኝ፣ ልጄ። ያንቺ ጥፋት የለበትም።»

የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ራሄል አልጠየቀችም። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አምና ሳታለቅሰው የቀረውን ጭምር። እሳቸውም ብርጭቆውን እንደታቀፉ አብረዋት አለቀሱ።

ከማግስቱ ጀምሮ የተከበሩት ወይዘሮ ተማሪ ሆኑ፤ መቼም አንድ ነገር ከያዙ ልክ የላቸውም። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በመርፌ ጫፍ ያበላሉ። ዛሬ እኮ ዓርብ ነው ብትላቸው፣ ሕፃን አይጾምም አሏት። ከባድ ማንሳት ለራሄል ስለተከለከለ፣ ጀሪካኑን ሦስት ፎቅ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሻጩ ዘንድ ሄደው «ራሳቸውን ያኖራሉ» ስላለው ነገር ግማሽ ሰዓት በስዋሂሊ ስላስረዱት፣ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ የውሃ ሳር መርቆ ሸኝቷቸዋል። ጭራሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሴቶቹን ሰብስበው ስለ ጋፒ አወላለድ ማስተማር ጀመሩ፤ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሳይሉም አይበትኑም።

ሐምሌ ላይ፣ ናይሮቢ በምትበርድበት ወር፣ አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ዋለ። ማሞቂያው ቆመ፤ ትንንሾቹ ወደ ታች ወርደው ደነዘዙ። የራሄል ስልክ ባትሪው አልቋል። ወይዘሮ አስናቀች መስኮቱን ዘጉ። ገንዳውን በጋቢ ጠቀለሉት፤ ጋዝ ላይ ውሃ አሙቀው፣ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ገንዳው ውስጥ አንሳፈፉት፤ በቀዘቀዘ ቁጥርም ለወጡ። አመሻሽ ላይ መብራት ሲመጣ አምስቱም ይዋኙ ነበር። ራሄል ስልኳን ሰክታ ብትፈልግ፣ አዋቂዎቹ የሚሉትም ያንኑ ነው፤ ጋቢውን ብቻ ብርድ ልብስ ብለውታል። ላንብብልዎ ብትላቸው አልፈለጉም።

ይኸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ወንድ ሆነው ጅራታቸው ቀለም አውጥቷል። ወይዘሮ አስናቀች ሳይመጡ የሚውሉበት ቀን የለም። በሩ ላይ «ለዓሦቹ ነው» ይላሉ፤ ይዘውት የሚመጡት የምስር ሾርባና ዳቦ የዓሣ ይመስል። ራሄል ስትጸልይ የምታነሳው ሰው ድሮ ሁለት ነበር፣ አባቷና ቶማስ፤ አሁን ሦስት ሆነዋል። ተመስገን ማለትም እንደገና ለምዷታል።

የመጨረሻው ወሯ ሊገባ ሲል እናቷ ደውለው፣ አባትሽን ለማን ልተወው፣ ልጄን ማን ያርስልኛል ብለው አለቀሱ። ራሄል ገና ነው አላለችም። አይዞሽ እማዬ አለችና ስልኩን ዘግታ ወደ ሳሎን ወጣች። ወይዘሮ አስናቀች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነው። አጠገባቸው ተቀመጠች። ቃሉን አፏ ውስጥ ሲያገላብጥ የከረመው ፍርሃት ነው፤ ከተናገረችው ልጁ እንደሚመጣ አመነች ማለት ነው።

«እትዬ አስናቀች፣ እኔ ስወልድ እርስዎ እንዲያርሱኝ እፈልጋለሁ። ይመጡልኛል?»

ራሄል፣ ይኼ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ የሚል ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ፤ ከደረቀም በኋላ ይጠርጋሉ።

«ሰው ጠርቶኝ አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እኔው ነኝ የምሄደው።»

ራሄል እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደጅ እንደቆመ እንግዳ አፈር አሉ።

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»