የአሕመድኑር ጉሮሮና የዘሊካ ታብሌት

አሕመድኑር የዘሊካን ታብሌት ሽሮ ድስት ውስጥ ጨምሮ ቀቀለው ተብሎ የተወራው ውሸት ነው። ወሬው ወረኢሉ ደርሶ ሲመለስ ድስቱ ሁለት ሆኖ ነበር። እኔ በወሬ ያደግሁ ሰው ነኝና ወሬ ሲበላሽ አልወድም፤ እውነቱ ይኸው፦ ዝንብ እንዳይገባበት የሚጥሚጣ ሳህን ከደነበት። በቃ። ለዚያውም ልክክ ብሎለት ነበር።

ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። አንዱ ጋ የመኪና ረዳት ይሆናል፤ ሌላው ጋ የዕድር ጠሪ። መካነ ሰላም ላይ ግን አላህ ይህን ጉሮሮ ለዘሊካ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሰጠው። ክቡር አሕመድኑር ትዕዛዝ በሹክሹክታ ቢነገራቸው እንኳ የሚያስተላልፉት በአዋጅ ነው።

"ለጋሽ በላይ ቃሪያ የሌለው ሽሮ! ጨጓራቸው ተነስቷል! ሰሙኝ ወይ እቴቴ?"

ወጥ ሠሪዋ እቴቴ ከጓዳ፣ "ሰምቻለሁ!" ይላሉ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ መናኸሪያው በሙሉ ሰምቷል።

ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ውጭ እንደሚቆርስ የምናውቀው በሱ ነበር። አንዱ የቢሮ ሰው በዓቢይ ጾም ጥግ ይዞ፣ "እንቁላል ፍርፍር፣ ግን ቀስ ብለህ" ቢለው፣ "እቴቴ! አንድ እንቁላል ፍርፍር፣ ቀስ ተብሎ!" አለ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ መግደፍ ሲያምረው ከላላ ከተማ ድረስ ይሄዳል።

ዘሊካ ደግሞ ዱባይ ምግብ ቤት ሠርታ የመጣች ናት። "እዚያ አስተናጋጅ አይጮህም። መስታወቱን ነካ ሲያደርግ ትዕዛዙ ጓዳ ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል" አለችን። ታብሌቱንም ስክሪኑንም አስመጣች፤ ከደሴ አሠልጣኝ ጠራች። አሠልጣኙ ብዙ ነገር አስተማረ፤ አሕመድኑር የያዘው አንዷን ብቻ ነው፦ "ከመላካችሁ በፊት ትዕዛዙን ለደንበኛው ድገሙለት።"

አሠልጣኙ እንደሄደ ዘሊካ ቁርጡን ተናገረች። "አሕመድኑር፣ ከእንግዲህ ወደ ጓዳ ብትጮህ ሌላ ሥራ ፈልግ። ጓዳ ያለውም ሰው ስክሪኑን እያነበበ ካልሠራ እንደዚያው ነው።" እቴቴ ሽንኩርታቸው ላይ አቀረቀሩ።

"አብሽሪ" አላት አሕመድኑር።

በማግስቱ ጋሽ በላይ መጡ። አሕመድኑር መስታወቱን ነካ ነካ አደረገና አፍንጫቸው ሥር ቆሞ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ፣ "ቃሪያ የሌለው ሽሮ ነው ያሉኝ፣ ጋሽ በላይ?"

"አጠገቤ ነህ እኮ!"

"መድገም ግዴታ ነው! ከደሴ የመጣ ሕግ ነው!"

"ሰው ደንቆሮ ነው ይለኛል እኮ፣ አንተ!"

"ታብሌቱ ቃሪያ የሌለው ነው የሚለው! አብሽሩ!"

ብዙም ሳይቆይ የጋሽ በላይ ጆሮ ደነቆረ ተብሎ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ። ዘሊካ ጥርሷን ብትነክስም ምን ትበል? የሚጮኸው ወደ ጓዳ አይደለም፤ ወደ ደንበኛ ነው። እኛም አማነው። ግትር ነው፣ ከዘመን ጋር ይታገላል አልን። ካማነው ሁሉ አብዝቼ ያማሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተገለጠው በገበያ ቀን ነው። ቤቱ በነጋዴና በሹፌር ጢም ብሏል፣ ጋሽ በላይም ጥጋቸውን ይዘዋል፤ ሁሉም ያዘዘው ይደርሰዋል፣ የተምታታ የለም። ዘሊካ በታብሌቷ ኮርታ ጓዳ ገባች። እኔ በሩ አጠገብ እጄን እየታጠብኩ ነበር፤ የዚያ ቤት የእጅ መታጠቢያ ለወሬ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሳይ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የሽንኩርት መፍጫ ተሰክቶበታል።

"እቴቴ፣ ዕቃው እንዴት ነው?" አለች ዘሊካ፣ ቀስ ብላ።

እቴቴ ጭስ ሲበላው የኖረውን ዓይናቸውን አጠበቡ። የጠፋውን ስክሪን በሽርጣቸው ጠረግ አደረጉት። "ማለፊያ ነው ልጄ። አሁንም እያነበብኩት ነበር። ፊደሉ እንዴት ይደምቃል!"

ዘሊካ የተነቀለውን ሶኬት አየች። እኔ የታጠበ እጄን እንደገና ማጠብ ያዝኩ። አሕመድኑር በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያ ጉሮሮ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ታብሌቱን ደረቱ ላይ ታቅፎ የዘሊካን ፊት ብቻ ያያል።

ዘሊካ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። መቀመጫዋ ላይ ሆና ቤቱን ስታይ ቆየችና፣ "አሕመድኑር፣ ጋሽ በላይ የሰሙህ አይመስለኝም። ድገምላቸው" አለች።

ጋሽ በላይ ሊቆጡ ነበር። የሷን ፊት አዩ፣ የጓዳውን በር አዩ፣ መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። "እውነቷን ነው ልጄ። እስቲ ጮኽ በል።"

ጮኸ። ከጓዳ "ሰምቻለሁ!" መጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት የሚበላ ሁሉ ደንቆሮ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ይብስብኛል፤ ሁለቴ ካልተደገመልኝ አልሰማም። ስክሪኑም እንደተነቀለ ነው፤ መፍጫው ይሠራል። አሕመድኑር ብቻ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ታብሌቱን ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ በሐዘኔታ ያየዋል። ትናንትም ሁላችንም ሽሯችን ላይ እንዳቀረቀርን ጠየቀን፤

"ምስኪን! ይሄ ዕቃ ግን ማንን ፈርቶ ነው እንዲህ የሚያንሾካሹከው?"