እውነተኛ ያልኩት ልብ ወለድ

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት እኛ ስናድግ ስድብ ነበር። ያልጠየቁትን የሚመልስ፣ ያልጋበዙት ቤት ቀድሞ የሚገኝ ሰው ይሰደብበት ነበር። ዛሬ ግን፣ ወዳጄ፣ ስድብነቱ ቀርቶ የሥራ መመሪያ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሠርተህ ብታስቀምጥ፣ ሳይጠሩህ አቤት ካላልክ የሚያገኝህ የለም። ጥሩ መሥራትህን የምታውቁት አንተና እናትህ ብቻ ናችሁ፤ እናትህም ብትሆን መነጽሯን ካገኘች ነው።

ይህን የተማርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ወደብ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሳጥን ላይ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ውጪው ላይ ይጻፋል። ሳሙና ከሆነ ሳሙና፣ ምስማር ከሆነ ምስማር። በዚህ ሁሉ ዓመት ሳሙናውን ምስማር ብዬ አላውቅም። ልብ ወለድ ላይ ወረቀት እንድለጥፍ ስጠየቅ ግን ሦስት ሳምንት እንኳ ሳልቆይ ዋሸሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ወንድም ታደለ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከሮቫ ጊሜል ሰፈር ሮቫ ቴት ሰፈር ሲመላለስ ይውላል፤ ተሳፋሪው የሚያወራውን ይሰማል፤ ከሥራ ሲወጣ የሰማውንም ያልሰማውንም አደባልቆ ድራማ ይጽፋል። ጽፎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እሱ ግን ጎረቤት ሰብስቦ፣ በስልኩ ቀርጾ፣ በከፈተው ቻናል ይለቀዋል። ስቱዲዮው የሕንፃችን ሚቅላት ነው፤ ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት ምድር ቤት። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የመንገድ ድምፅ አይገባም። ምንጣፍ ሲነጠፍበትና ሁለት ሶፋ ሲገባበት የሀብታም ሳሎን ይመስላል፤ የብረቱን በር ካላሳዩት። የወጥ ቤቱን ትዕይንት ደግሞ እኛ ቤት ይቀርጹታል፤ እኔም ራቴን ቆሜ እበላለሁ።

ድራማው «ሁለት ቁልፍ» ይባላል። የልጇን ቤት ትርፍ ቁልፍ ይዛ፣ ምራቷ ሥራ ስትሄድ እየገባች ቤቱን በራሷ ልክ የምታስተካክል አማት ታሪክ ነው። አማቲቱን ሆነው የሚጫወቱት እትየ የሺ ናቸው። ምራቲቱ የታደለ ሚስት ናት። እትየ የሺ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከአፋቸው ቃል ለማውጣት የጥርስ ሐኪም ያስፈልጋል። ታደለ የመረጣቸው ክፉ ስለሚመስሉ አይደለም፤ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ክፉ ሆነን አንታይም ስላሉት ነው።

አራት ክፍል ወጣ። አራተኛውን ያየው ሠላሳ ሰባት ሰው ነበር። ከሠላሳ ሰባቱ አሥሩ ታደለ ራሱ ነው፤ በየእረፍቱ እየከፈተ ያየዋል።

«አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ» አለኝ አንድ ቀን። «ሰው እንዲያገኘን አድርግ።»

እኔም ጀመርኩ። የታየ ቪዲዮ ለምን እንደታየ ማጥናት ያዝኩ። ለካ ሰው ፊልሙን አይደለም መጀመሪያ የሚያየው፤ የፊቱን ፎቶና ርእሱን ነው። ታደለ ፊት ለፊት ያስቀመጠው እትየ የሺ ሲስቁ ነበር። የምትስቅ አማት ማን ይፈልጋል? ቪዲዮውን ወደፊት ወደኋላ ሳመላልስ፣ ሊያስነጥሳቸው ሲል ፊታቸው የተኮማተረባትን ቅጽበት አገኘኋት። ከዚያ የባሰ ቁጣ በሕይወቴ አላየሁም። እሷን አደረግኋት። ርእሱንም «አማት በምራቷ ቤት» አልኩት። ተመልካቹ መቶ ሞላ። መቶ ሲሞላ ሰው ሁለት መቶ ያምረዋል። በሌላው ቀን ከሥሩ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ «በአሽዶድ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ።»

ያች መስመር የሠራችውን እኔ አልሠራሁም። በሳምንቱ ተመልካቹ ቆጥረን የማንደርስበት ሆነ። አስተያየቱ ጎረፈ። አማቲቱን የረገመ፣ ምራቲቱን የመከረ፣ ልጁ የት ሄዶ ነው ብሎ የጠየቀ ብዙ ነው። አንዷ ከባሕር ዳር «ለዚያች ልጅ ትርፍ ክፍል አለኝ፤ ትምጣ» ብላ ጻፈች። ታደለ አውቶቡሱን እያፏጨ መንዳት ጀመረ። እኔም፣ አልደብቅህም፣ መጋዘን ውስጥ ደረቴን ነፋ አድርጌ መሄድ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ እትየ የሺ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ኩፓ ሄዱ። ክሊኒኩ ውስጥ ተራቸውን ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠች የማያውቋት ሴት ትክ ብላ አየቻቸውና፣ «አንቱ ኖት አይደል? የእጅዎን ይስጥዎ» ብላ ወንበር ቀየረች። ይህን ሲነግሩን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ዋናው ጉዳት ግን ኩፓ አልነበረም። እትየ የሺ አንድ ልጅ አላቸው፤ ዳንኤል ይባላል። ከሚስቱ ከሲጋልና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከኖያ ጋር ሮቫ ቴት ይኖራል። በየዓርቡ ኖያን ያመጣታል፤ ልጅቷ ሰንበትን አያቷ ጋ አድራ ትሄዳለች። እትየ የሺ የሳምንቱን ቀናት የሚቆጥሩት ወደዚያች ዓርብ ነው። ቪዲዮው በታየ በሁለተኛው ሳምንት ኖያ አልመጣችም። ጉንፋን ይዟታል ተባለ። በሦስተኛውም አልመጣችም። ያን ጊዜ ዳንኤል በስልክ እውነቱን ተናገረ፤ ሲጋል ቪዲዮውን አይታዋለች። የቤቴን ገመና ለዓለም አሳዩት ብላለች።

እትየ የሺ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቤታችን ገብተው ተቀመጡ።

«እውነተኛ ታሪክ ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትየ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲያየው ብዬ።»

«አየችው» አሉ።

ተነሥተው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሮቫ ቴት ሄድኩ። ሲጋል ጋን ውስጥ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ረዳት ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ አንቱን አያውቅም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ትላለች። ጭማቂ ቀድታ አስቀመጠችልኝና ራሷ ሳትቀመጥ ቀረች። ያዘጋጀሁትን ንግግር አወረድኩ። ድራማው ልብ ወለድ ነው፣ የጻፈው ታደለ ነው፣ አማትሽ የተጻፈላቸውን ብቻ ነው ያሉት፣ እውነተኛ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

ስጨርስ «ድስቱስ?» አለችኝ።

በአራተኛው ክፍል አማቲቱ በቁልፏ ትገባና ምራቷ አጥባ ያስቀመጠችውን ድስት እንደገና አጥባ፣ ገልብጣ ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጠዋለች። አየሁብሽ ማለቷ ነው።

«ሁለት ዓመት ሆነ» አለች ሲጋል። «ከሥራ መጣሁ፣ ሲር፣ ድስቱ፣ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል። እኔ አጥቤዋለሁ ጠዋት። ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ። ለማንም አልተናገርኩ። ለዳኒ አልተናገርኩ። ታደለ ከየት አወቀ?»

ጭማቂውን ጨርሼ ወጣሁና ፌርማታው ላይ ቆሜ ታደለ ጋ ደወልኩ።

«ድስቱን እኔ አልጻፍኩትም» አለ። «እኔ የጻፍኩት ገብታ ዞር ዞር ብላ ታያለች ነው። እየቀረጽኩ እሳቸው ዝም ብለው አነሡና አጠቡት። ጥሩ ስለነበር ተውኩት።»

እንግዲህ ፍረድ። ውሸቴን ልናዘዝ ሄጄ፣ ሳላውቅ እውነት ተናግሬ ተገኘሁ። ይህን የመሰለ ኃጢአት በየትኛው ወገን እንደሚቆጠር እስካሁን አልገባኝም።

እትየ የሺን ስለ ድስቱ ጠየቅኋቸው።

«ጉድፍ ነበረው» አሉ መጀመሪያ። ቆይተው ደግሞ፣ «ወጥቼ ፌርማታው ላይ ስደርስ አፈርኩ። ልመለስ ስል አውቶቡሱ መጣ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«በምን አፌ? የኔን አማርኛ እሷ በደንብ አትሰማ፤ የሷን ዕብራይስጥ እኔ አልችል። ታደለ የሌላ ሴት ስም ሲሰጠኝ ጊዜ እጄ ተናገረ።»

አምስተኛው ክፍል ተጽፎ አልቆ ነበር። ምራቲቱ የበሩን ቁልፍ ታስቀይራለች፤ አማቲቱ በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። እኔ ርእሱን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። እትየ የሺ ግን አልወድቅም አሉ። ቁልፉን በእጄ እመልስና ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። ታደለ ጨነቀው፤ «እትየ፣ ጠብ ነው የሚታየው፤ እርቅ አይታይም» አላቸው። እኔም፣ ማፈሪያው፣ ከሱ ጋር ነበርኩ። እሳቸው፣ «እንግዲያ ሌላ አማት ፈልጉ» ብለው ነጠላቸውን አነሡ። ሌላ አማት የለንም። እንዳሉት ተቀረጸ።

ሌላ ጊዜ የሚሉትን ታደለ ያነብላቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጽሑፉን አንድም ሰው አላነበበላቸውም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ያጠብሽውን ድስት ያጠብኩት ቆሽሾ አይደለም፤ በልጄ ቤት ሥራ ስላጣሁ ነው» አሉ። የታደለ ሚስት በእውነት አለቀሰች። ታደለ መቅረጹን ረስቶ ስልኩ ወለሉን ሲያሳይ የቆየበት ጊዜ አለ፤ እሱንም አልቆረጥነውም።

እኔ በዚህኛው ላይ አልዋሸሁም። «ሁለት ቁልፍ፣ ክፍል አምስት፣ ልብ ወለድ» ብዬ ለጠፍኩ። የፊቱ ፎቶ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነው። ሃምሳ ሰው እንኳ አልሞላም። ካዩት አንዱ ደግሞ «ይህ ውሸት ነው፤ አማት ይቅርታ አትጠይቅም» ብሎ ጻፈ። ስዋሽ ያመነኝ ሕዝብ፣ እውነቱን ሲያይ ውሸት አለው።

ለሲጋል ግን ራሴ ላክሁላት። ስለ ፎቶ፣ ስለ ርእስ፣ ስለ መልቀቂያ ሰዓት ያጠናሁትን ሁሉ ትቼ፣ አንድ ቪዲዮ ለአንድ ሰው። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። ዓርብ ከሰዓት የእትየ የሺ በር ተንኳኳ። የመጣው ዳንኤል አልነበረም። ሲጋል ራሷ ኖያን ይዛ ቆማለች። ገባች፤ ሰንበትን አብራ ዋለች። ስለ ቪዲዮው አንድ ቃል አልተነሣም አሉኝ እትየ የሺ። «እርቅ ደም ያድርቅ» ይባላል፤ አንዳንዱ እርቅ ደግሞ አፍም ያደርቃል።

በሳምንቱ እትየ የሺ አራተኛውን ክፍል አጥፉልኝ አሉ። ታደለ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ የታየ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ስልኩን አወጣ። «የሠራኋት አንዲት ነገር እሷ ነበረች» አለ። ከዚያ አጠፋት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አሥር ቀን ሳይሞላ አንድ የማናውቀው ሰው ያንኑ ቪዲዮ በራሱ ቻናል ላይ ጫነው። እኔ የመረጥኩትን ፎቶ፣ ያችኑ የማስነጠስ ቅጽበት፣ እንዳለች ወስዷል። ርእሱን ግን ከኔ የበለጠ አውቆበታል፤ «እንዳይታይ የጠፋው እውነተኛ ታሪክ» ብሎታል። ተመልካቹ ከኛ እጥፍ ነው።

ልነግራቸው ፈርቼ ሁለት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ሄጄ ነገርኳቸው። እትየ የሺ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የኖያን ፀጉር ይሠሩ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«ሲጋል ያየችው የቱን ነው?»

«ሁለቱንም። መጨረሻ ያየችው አምስተኛውን ነው።»

«እንግዲያ ሌላው የፈለገውን ይይ» አሉና፣ ኖያን ራሷን እንዳትነቀንቅ ተቆጧት።