የአያ ጅቦ መደብ

እንስሳት ስብሰባ በማይታክታቸው ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ፣ አያ ጅቦ የሚባል ያረጀ ጅብ ይኖር ነበር። የመጨረሻ ጥርሱ በአንድ የበሬ ቅልጥም ላይ ከተሰበረች ወዲህ ሥጋ መዘንጠል ቀርቶበታል፤ የአጥንቱ ነገርማ አይነሳ። ለስላሳ ምግብ ካላገኘ መጪውን በጋ እንደማያልፍ ገብቶታል። በጫካው ውስጥ ጥርስ ሳያስፈልገው የሚበላ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እንስሳቱ በማኅበር የሚያለሙት ቲማቲም።

የማኅበሩ ደንብ ቀላል ነው። ፍግ ያዋጣ ፍሬ ይካፈላል። አያ ጅቦም አንገቱን ደፍቶ ስብሰባው መሃል ቆመና አባል ልሁን አለ።

"ለመሆኑ ምን ልታዋጣ ነው?" አለች ሊቀመንበሯ እንኮዬ ጦጢት።

"እንደ ሁላችሁም ያለኝን ነዋ።"

"ያንተማ ነጭ ነው" አለ ከርከሮ። "ኖራ ነው የሚመስለው። ይሄንን ፍግ ማለት ይከብዳል።"

"ዕድሜ ልኬን አጥንት ስበላ ኖሬ፣ ሌላ መልክ ከየት ላምጣለት ጋሼ?"

ጉባኤው ሳቀ። አያ ጅቦም አብሮ ሳቀ፤ ሳቅ ድሮም ይችልበታል። ጦጢት ግን ሥራዋን አትዘነጋም። ወደ እሱ ሄዳ አፉን አስከፈተችና እስከ ጉሮሮው ድረስ ተመለከተች። አንድም ጥርስ እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ አባልነቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የተሰጠው መደብ ግን በማሳው ዳር ያለ ድንጋያማ ተዳፋት ነበር። የጅብ ዘር ማንዘር ሲጸዳዳበት የኖረ ቦታ ስለሆነ ሌላ የፈለገው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጦጢት የተመረጠችው ማሳውን ከጫካው ሁሉ አረንጓዴ አደርገዋለሁ ብላ ነው። ቃሏንም ጠበቀች። ከገደሉ ዋሻ የሌሊት ወፍ ኩስ በአህያ እያስጫነች ማሳውን አለበሰችው። ቲማቲሙ ኩሱን ጠጥቶ ወደ ላይ ተመዘዘ፣ ወደ ጎን ተንሰራፋ፤ ከርከሮ ገብቶበት እንኳ ጆሮው አይታይም ነበር። ጉባኤው ባጨበጨበ ቁጥር ኩስ ይጨመራል፣ ኩስ በተጨመረ ቁጥር ጉባኤው ያጨበጭባል። አበባው ለምን እንዳነሰ የጠየቀ የለም።

"እንኮዬ" አለች አህያ አንድ ቀን፣ "ቅጠሉ ጆንያዬ ገና ሲነካው ይቀነጠሳል። ሆዱ ውሃ ብቻ ነው። ውስጥ ለውስጥም አየር ስለማያገኝ ጤዛው እስከ ቀትር አይደርቅም።"

"አጀንዳ አልተያዘበትም" አለች ጦጢት።

አያ ጅቦ ከኩሱ የሚደርሰው አህያዋ ጆንያዋን ስታራግፍ የሚተርፈው ብቻ ነበር። እሱን ከዘመዶቹ ነጭ ፍግና መብረቅ ካቃጠለው ግራር ካመጣው አመድ ጋር ቀላቅሎ ለየሥሩ ሰጠ። ቲማቲሙ አጭር ሆነ፤ ቅጠሉም ወፍራምና ሻካራ። የጎረቤቶቹን ማሳ ባየ ቁጥር ያፍር ነበር።

ከሐይቁ ማዶ ያሉት ዝሆኖች ማሳውን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ጦጢት ቀደም ብላ ወደ እሱ መጣች።

"አያ ጅቦ፣ አደራህን፣ እንግዶቹ እስኪያልፉ ከመደብህ ፊት ጋደም በልልን።"

ጋደም አለላቸው። ዝሆኖቹ ቅጠሉን እያዩ ተደነቁ። አንዱ ሽማግሌ ዝሆን "ፍሬውስ የታለ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ጦጢት "ለጊዜው ቅጠሉን ይዩልን" አለችው። እሱም አይቶ አመሰገነ።

ከዚያ ጉም ወረደ፤ ካፊያውም አላባራ አለ። በታችኛው ቅጠል ላይ ነጭ ሻጋታ ታየ። ከርከሮ ውርጭ ነው አለ። ቅጠሉ ሲጠቁር ጥላ ነው አለ። ሲሸት ግን መንገዱን ቀይሮ ይሄድ ጀመር። ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ስለነበር ሻጋታው መንገድ አልጠፋውም፤ ያን ሁሉ አረንጓዴ ከነግንዱ አተላ አድርጎት ወጣ።

ተዳፋቱም ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ ግን ነፋሱ ቅጠሉን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ቅጠሉም በዋዛ አይበሳም፤ ጥቂት ነካክቶ ሳይገፋ ቀረ። ፍሬው ቀላ። አያ ጅቦ አንዷን ቀጠፈና በድዱ ጨመቃት፤ ጭማቂዋ በአገጩ ወረደ። በጋውን እንደሚያልፍ ያን ጊዜ አመነ፤ በደስታም ብቻውን ሳቀ።

ሳቁ ተሰማ፤ ጉባኤም ተጠራ።

"የሁላችን ማሳ ሲታመም ያልታመመበት ማነው?" ስትል ጠየቀች ጦጢት።

ሁሉም ወደ አያ ጅቦ ዞሩ።

"በሽታውን ከእሱ በቀር ማን ሊያመጣው ይችላል?" አለ ከርከሮ።

"እኔማ ነጩን ፍግና አመዱን ነው የሰጠሁት" አለ አያ ጅቦ። "ኩሱንም ቢሆን ያገኘሁት ለቅምሻ ያህል ነው። ከፈለጋችሁ ነጩን ፍግ ለሁላችሁም አካፍላለሁ፤ ተዳፋቱ ሙሉ ነው።"

"እውነቱን ነው፤ እኔም ያኔ ብያችሁ ነበር" አለች አህያ።

"ያኔም አጀንዳ አልተያዘበትም" አለች ጦጢት።

ውሳኔው ሳይውል ሳያድር ተሰጠ። የአያ ጅቦ ቲማቲም ተወርሶ ለተጎጂዎች ይከፋፈል፤ እሱ ከአባልነት ይሰረዝ፤ የከርሞው ኩስ ደግሞ እጥፍ ይሁን፣ ቅጠሉ እንግዳ ያስደነቀ ነበርና። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። አህያዋም ዙሪያዋን አየችና ኮቴዋን አነሳች።

ቲማቲሙ እዚያው ተከፋፈለ፤ እዚያው ተበላ። ከርከሮ እንዲህ የሚጣፍጥ ቀምሶ እንደማያውቅ ሳይደብቅ ተናገረ። ጦጢት አፏን በክንዷ ጠርጋ፣ ለደንቡ ያህል፣ ተከሳሹ የመጨረሻ ቃል እንዳለው ጠየቀች።

አያ ጅቦ እያንዳንዳቸውን በየተራ አያቸው፤ ከርከሮን፣ አህያን፣ ጦጢትን። ባዶ ድዱንም በምላሱ ዳሰሰ።

"የለኝም" አለ። "ጥርስ በነበረኝ ጊዜ ግን አንዳችሁም እንዲህ አሳምራችሁ ስትናገሩ ሰምቼ አላውቅም።"