ማሞቂያው ለፔላርጎኒየም

ታላቅ ሰው ጡረታ ሲወጣ አያርፍም፤ ቤተሰቡንም አያሳርፍም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ቤተሰባቸው «አለቃ» የሚላቸውን የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅ ግን የቆጫቸው የሚያዙት ማጣታቸው ነበር። ስለዚህ በረንዳቸውን በመስታወት አስከልለው፣ ቅጠላቸው ዳበስ ሲደረግ ሎሚ ሎሚ፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸቱ አበቦች ተከሉበት። ጎረቤት «ጄራኒየም» ብሎ ቢጠራቸው ተቆጡ።

«ፔላርጎኒየም በሉ! በሙሉ ስማቸው ካልተጠሩ ቅር ይላቸዋል።»

ብርዱ ሲበረታ አለቃ ምሳ ላይ ብድግ ብለው መመሪያ አስተላለፉ። በቤቱ ያለው አንድ ማሞቂያ «ቅድሚያ ወደሚገባቸው አካላት» እንዲዛወር ተወሰነ። ድምፅ የሰጡት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ልጆቹ እኮ እየሳሉ ነው» አለች ሚስት።

«ልጅ እየሳለ ያድጋል። ፔላርጎኒየም ግን አንዴ ውርጭ ከመታው አለቀለት።»

አርቆ ማሰብ ማለት ይኸው ነው። አበቦቹ ተንቆጠቆጡ። ቤተሰቡም ካፖርት ደርቦ ይበላ፣ ኮፍያ አጥልቆ ይተኛ ጀመር።

አንድ ማለዳ አለቃ ማዳበሪያ ፍለጋ እንደወጡ አማትየው ለጥየቃ መጡ። ሳሎን ተቀምጠው የገዛ ትንፋሻቸው ሲጨስ አዩት። ፍራሽ ጎትተው መስታወት ቤቱ ገቡ፤ ሲጠባቸው የአበባ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ደጅ አወጡ። ሚስትና ልጆችም ተከተሏቸው።

አለቃ ሲመለሱ ክው አሉ።

«እማማ! ይህ ስፍራ ብርድ ለማይችሉ ብቻ የተከለለ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን መሰልኩህ፣ ልጄ? ይልቅ በሩን መልሰው፤ ሙቀቱ ይወጣል።»

እንደ አጋጣሚም፣ አለቃ በስንት ደጅ ጥናት ያስመጡት የአበባ ውድድር ዳኛ በዚያው ሰዓት ከተፍ አለ።

«አበቦቹስ?» አለ ዳኛው።

«ደጅ ናቸው» አሉ አማትየው በመስታወቱ ውስጥ። «ጠንከር እንዲሉ ብለን ነው። አንተ ግን ግባ፤ ጉንፋን ይይዝሃል!»

ዳኛው የተኮራመቱትን ቅጠሎች አየ፤ የቀላ አፍንጫውን ዳሰሰ፤ ጫማውን አውልቆ ገባ። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

አለቃ ካፖርታቸውን አውልቀው አበቦቻቸውን አለበሱ። ለጥቂት ጊዜም በክብር ቆሙ። ከዚያ መስታወቱን ያንኳኩ ጀመር።

«ኧረ ክፈቱልኝ! ይበርዳል እኮ!»

በዚያ ቤት ብርድ መኖሩ በይፋ የተረጋገጠው ያኔ ነው።